አምስት ጊዜ የዘመተ በሬ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጓደኞቼ አልተናገርኩም፤ በመዘምራን ጉባኤ የኋላውን ረድፍ ይዘን አብረን ለምንቆመው እህቶች አልተናገርኩም፤ በጸሎት ጊዜ እንኳ ጥፋቴን አንድ በአንድ ቆጥሬ እዚህች ላይ ስደርስ «እና ሌሎችም» ብዬ ነው የማልፈው። ዓይን አፋር መሆኔን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ የቤቴን በር አልፌ ሄጄ፣ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ በእግሬ የምመለስ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ዘንድ የተቀመጠ ምስጢር ባንክ ከገባ ገንዘብ ይልቅ ደኅና ነው። ችግሩ ሰሞኑን ሳቄ እያመለጠኝ ነው። ባለፈው እሑድ ስብከት መሃል አመለጠኝና ሰባኪው የተናገረውን ደግሞ እስኪያየው ድረስ አስደነገጥኩት። ሳይብስብኝ ልናገርና ልረፍ።

የምናገረው ስለ ጦርነት ነው። ጦርነት እንዴት እንደሚጀመር ሁላችንም ሊቃውንት ነን። ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን ማንን ናቀ፣ ይህን ሲተነትን የማይውል ሻይ ቤት አምቦ ውስጥ የለም። እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳ ግን ብዙ የለም። በቴሌቪዥን የሚቀርቡት ምሁራን «የፖለቲካ ፈቃደኝነት» ይላሉ፣ «የውጭ ጫና» ይላሉ፣ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ከረባት ስለሌለኝ እንደመሰለኝ ልናገር፦ ጦርነት የሚቆመው ድግስ እንደሚቆመው ነው። ሲያልቅ። ድግስ ላይ «በቃን» ብሎ በገዛ ፈቃዱ የሚነሣ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስተናጋጇ መጥታ በባለቤቱ ጆሮ አንዲት ነገር ታንሾካሹካለች። ባለቤቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ነው ሽማግሌው «እንግዲህ እንመርቅ» የሚሉት። ምርቃት የሚጀመረው ጓዳው ባዶ ሲሆን ነው።

እኔ ታዲያ የጓዳውን በር አጠገብ ነበርኩ።

አምቦ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው ሲናገር መጻፍ የእኔ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ እንደ ጠባዩ ይሰጣል። የሰሜኑ ጦርነት እንደተጀመረ ሰሞን «ድጋፍ» ሲባል ሦስት ሰንጋ ገዛን። ቀንዳቸው የተሞረደ፣ ሻኛቸው እንደ ኮረብታ፣ ለፎቶ ገመዳቸውን ለመያዝ ሰው የተጋፋባቸው። ሴቶቹ ደግሞ ለስንቅ ጩኮ አዘጋጀን፤ የገብስ ዱቄቱን የጠጣው ቅቤ በማዳበሪያው ከረጢት አልፎ የመኪናውን ወለል እስኪያወዛ ድረስ። ስብሰባው ላይ ሻይ በብስኩት ይቀርብ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ሰንጋው ሁለት ሆነ፣ ጩኮው በዘይት ታሸ። በቀጣዩ ዘይቱም ቀርቶ ደረቅ በሶ ሆነ፤ ብስኩቱ ሄደ፣ ከዚያ ስኳሩ ሄደ፣ ከዚያ ሻዩ ራሱ ብስኩቱን ተከትሎ ሄደ። የማተሚያው ቀለም አልቆ ደብዳቤ በአሮጌ ደብዳቤ ጀርባ መጻፍ ጀመርን። አንድ ቀን ለአንድ ገበሬ የመሬት ጉዳይ የሰጠነው መልስ ጀርባው ላይ የሌላ ሰው የጋብቻ ማስረጃ ነበረበት። ሰውየው ሁለቱንም ተቀብሎ ሄደ፤ «አንዱ እንኳ ይጠቅመኛል» ብሎ። የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ፣ የመስኮቱ መስተዋት፣ የአበል ጥያቄው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ በጀቱ ዞሯል። ወዴት እንደዞረ ማንም አይጠይቅም።

ያለቀው ግን ስኳርና ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። የመዝገብ ቤቷ አዴ ወርቄ፣ አንድ ልጇ ዘምቷል። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ፋይል ክምር ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ ተደርጎ፣ እንደ ታማሚ ይተኛል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ፋርማሲ ድረስ ይዛው ትሮጣለች። መጀመሪያ በሳምንት ይደውል የነበረው ልጅ፣ ኋላ በወር፣ ኋላ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ስብሰባ ላይ «ደጀንነታችንን አጠናክረን እንቀጥላለን» ሲባል ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ እሷም ታጨበጭባለች፣ ዓይኗ ከስልኩ ሳይነቀል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በከፍተኛ ስሜት ተጨበጨበ» ብዬ እጽፋለሁ። ስሜቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

በመጨረሻው ዙር የታዘዝነው አንድ ሰንጋ ብቻ ነበር። ሠራተኛው አዋጣ፤ ያዋጣነውን ይዘን ቅዳሜ ገበያ ወረድን። ኃላፊያችን ኦቦ ለሚ ከፊት፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላ። ኦቦ ለሚ ያለንን ገንዘብ ሲነግሩት አንዱ ባለ ሰንጋ ከላይ እስከ ታች አየንና፣

«የፊቱን ነው የኋላውን የምትፈልጉት?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው? ሙሉውን እንጂ!»

«ሙሉውን ከፈለጋችሁማ ኦቦ፣ አምና ነበር መምጣት።»

ገበያው ሳቀ። ሰንጋውም የሳቀ መሰለኝ። ኦቦ ለሚ በመንገድ ላይ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ገንዘቡስ ግድ የለም፣ በደረሰኝ ገቢ እናደርገዋለን አሉኝ (አድርገናልም፤ ደረሰኙን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በዚያ በኩል ሕሊናዬ ንጹሕ ነው)። ነገር ግን ርክክቡ ሰኞ ነው፣ ካሜራ ይመጣል፣ ደረሰኝ ደግሞ ቀንድ የለውም። «በካሜራ ፊት ደረሰኝ ጎትቼ ልቅረብ? ለአንዲት ሰዓት፣ ለፎቶ ብቻ የሚያውሰን ሰው ይጥፋ!»

እዚህ ላይ ነው የሆነውን ያደረግኩት። ሰባት ዓመት ስብሰባ ተቀምጬ አንዲት ቃል ያልወጣኝ ሴት፣ ሁሉካ ድልድይ ላይ፣ ለጉንዳን በሚሰማ ድምፅ፣ «አባቴ... በሬ አለው» አልኩ።

አባቴ ኦቦ ደበላ ከጉደር አለፍ ብሎ ያለ ገበሬ ነው። በሬው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ የግራ ቀንዱ ጫፉ ወደ ጆሮው ታጥፏል። ሰንጋ አይደለም፤ የእርሻ በሬ ነው። አባቴ ከቦራ ጋር ከሚነጋገረው ያነሰ ነው ከእኔ ጋር የሚነጋገረው። እናም ለዚህ ሰው «በሬህ ለጦር ሠራዊት ድጋፍ የውሸት ሊሰጥ ነው» ይባላል? አይባልም። «ለከብት ኤግዚቢሽን ተመርጧል» አልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ውሸት ነበረች። እንዴት አምራ ወጣች! አባቴ አየኝና ቦራን ወንዝ ወስዶ አጠበልኝ።

«ለአውድማ ይደርሳል?» አለ ብቻ። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ሊታጨድ ነው፤ ያለ ቦራ የሚያበራይ ሌላ በሬ የለውም፣ ሁለተኛውን እንኳ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው የሚያገኘው።

«አባዬ ሙት፣ ይደርሳል» አልኩ። ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋ ቀለለች። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» የሚሉት ለካ በልምድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቦራ ደረሰ። ኦቦ ለሚ ዞር ብለው አይተውት ፊታቸው ተለወጠ። «ጫልቱ፣ ይሄ እኮ ትከሻው ላይ የቀንበር ጠባሳ አለው! ሰንጋ ቀንበር ያውቃል?» እውነታቸውን ነው፤ የቦራ ማጅራት ተልጦ ድኖ ተልጦ ድኖ እንደ አሮጌ ጫማ ሆኗል። ተያየን። ከዚያ ኦቦ ለሚ ቢሮ ገብተው ቀዩን የመስኮት መጋረጃ ነቅለው ወጡና ቦራን አለበሱት። በእውነት አማረበት። ከሕዝቡ «አቤት ክብር!» ያሉ ነበሩ። መዝሙር ተዘመረ፣ ንግግር ተደረገ፣ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ ተጨበጨበ። ቦራ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ አንገቱን አቃንቶ ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ ተመለከተ። ምሽት ላይ በቴሌቪዥን ታየ። አባቴ ቤት ቴሌቪዥን የለም፤ እኔ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግሥቱ የጉደሩ ኃላፊ ለኦቦ ለሚ ደወለ። «በዚያ ገንዘብ ያን የመሰለ ሰንጋ ከየት አገኛችሁ?» ኦቦ ለሚ ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ምስጢር አይችልም። የማን በሬ እንደሆነ አልተናገሩም እንጂ፣ በማግሥቱ ጉደር ላይ በቦራ ሌላ ርክክብ ተደረገ። ያን ቀን አባቴ ጉደር እንዳይወርድ ጾምኩ። ቀጥሎ የጊንጪው ኃላፊ «ሰማሁ» ብሎ ደወለ፤ በአይሱዙ ተጭኖ ጊንጪ ሄደ። ከዚያ ጌዶ። ከዚያ እጃጂ። ለባኮም ተጠይቆ ነበር፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ በሆነበት ወቅት ስለነበር ቀረ። የእኛው መንገድ ለምን እንደሚዘጋ አትጠይቁኝ፤ እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ስለ ሩቁ ጦርነት ነው ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምናወራው።

እናንተዬ፣ ያ በሬ እንዴት እንደሰለጠነ! በየከተማው ቆሞ ካሜራውን ይፈልጋል። አይሱዙው ላይ በገዛ እግሩ መውጣት ለመደ። ሊሠዋ የቀረበ መስሏቸው በየደረሰበት ፋጉሎና አተላ ያቀርቡለታል፤ ስለዚህ በዘመቻው ላይ ወፈረ። ከጦርነት ወፍሮ የወጣ፣ ከጥቂት ነጋዴዎች በቀር፣ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቀዩ መጋረጃ አብሮት ዞረ። የካሜራው ሰውም በአምስቱም ቦታ ያው አንዱ ልጅ ነበር፤ ጌዶ ላይ ቦራን በካሜራው ቀዳዳ ሲያየው ቆይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ መቅረጹን ቀጠለ። እሱም ደመወዝተኛ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል እኔ የምስቀው ሳቅ ነበር እንጂ የምጸጸተው አልነበረም። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ፣ ገደሉን ሳታይ» ሲባል ሁልጊዜ በሬው ላይ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ገደሉ በደብዳቤ መጣ። ከእጃጂ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ «ከመስመሩ ከተሞች የተሰበሰቡት አምስት ሰንጋዎች አምቦ ተጠቃልለው ሐሙስ ረፋድ ላይ በሚመጣው መኪና እንዲጫኑ» የሚል። ደብዳቤው ጀርባው ባዶ ነበር፤ ከባድ ደብዳቤ መሆኑ ከዚያ ያስታውቃል።

ኦቦ ለሚ በሩን ዘጉት። መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር።

«አምስት» አሉ።

«አምስት» አልኩ።

«አራቱን እንኳ ‹ታመሙ› ብለን... ሆድ ዕቃቸውን...» ደብዳቤውን ገልብጠው ባዶውን ጀርባ አዩት። «አንዱን ግን አገር አይቶታል፣ ጫልቱ። ቢያንስ አንዱን ካልጫንን እኔም አንቺም...»

አልጨረሱትም። ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ መተው የኃላፊ ልማድ ነው፤ የሚጨርሰው ጸሐፊ ነው። ቦራ ሊሄድ ነው። በአባቴ ሬሳ ላይ ካልሆነ ለካራ ከደጁ የማይወጣው ቦራ፣ በእኔ አንደበት፣ ቀይ መጋረጃ ለብሶ፣ የምር ሊሄድ ነው። «በሬ ካራጁ ይውላል» ይላሉ፤ ፋጉሎው ዘንድ ያደረሰው ማን ነበር? እኔ ነኝ። ለአባቴ ምን ልበል? ኤግዚቢሽኑ ተራዘመ? ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ዝናብ አንድ ቀን ቢያጉረመርም ዓመቱ ጠፋ። ለኃላፊዬ «አይሆንም» ለማለት አፌን ስከፍት ደግሞ የወጣው «እሺ» ነበር። ለምዶበት።

ረቡዕ ውሎዬን አልነግራችሁም። ማታ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አዴ ወርቄና እኔ የተከራየንበት ግቢ ውስጥ ምስር ስለቅም፣ ከአከራያችን ቤት ሬዲዮ «ሁለቱ ወገኖች ተኩስ ለማቆም ተስማሙ» አለ።

ምስሩ ተበተነ።

እኔ በሠርግ እንኳ እልል ብዬ የማላውቅ፣ ስዘምር ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሴት ነኝ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እልልታዬ ጎረቤት ያሉትን ውሾች አስነሣ። አዴ ወርቄ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች፣ መሬት ሳመች፣ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ዘለልን፣ ነጠላችን ተጠላለፈና አብረን ወደቅን፣ ወድቀንም ሳቅን። «የኔ ልጅ ይመጣል! ይመጣል በይኝ ጫልቱ!» ትላለች። «ይመጣል! ይመጣል!» እላለሁ። እሷ ስለ ልጇ። እኔ...

እንግዲህ ምስጢሬ ይህ ነው። የእኔው ስለ በሬ ነበር።

እዚያ ሰሜን ስንት እናት፣ ስንት ልጅ፣ ስንት የተቃጠለ ቤት እያለ፣ በዚያች ምሽት ከእኔ ይበልጥ በሰላሙ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ደስታዬም ባለ አራት እግር ነበር። ይባስ ብሎ የአዴ ወርቄ ልጅ ከወራት በኋላ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ቢሆንም፣ በሕይወት መጣ። የምስጋናው ቀን እናቱ ከእንግዶቹ ሁሉ ፊት አቆመችኝና «ይህች ልጅ ከእኔ እኩል ነው ያለቀሰችው! ሰው ማለት ይህች ናት!» ብላ ከፍ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሥጋውን መዋጥ አቃተኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ቦራን እያሰብኩ ግንባሩን ሳምኩት። ምን ላድርግ?

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። መንግሥት ለምን እንደታረቀ ሰፈሩ እስኪደክመው ተከራከረ። አንዱ «የውጭዎቹ አስገድደውት ነው» አለ፤ አንዱ «ጌታ ነው» አለ። እኔ የገበያው ሰውዬ፣ «የፊቱን ነው የኋላውን?» ያለው፣ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲያ ብሎ የጠየቀው የእኛን ኮሚቴ ብቻ ሊሆን አይችልም። ጥይት የሚሸጠውም፣ ነዳጅ የሚሸጠውም፣ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አይቶ እንዲያ ብሎ ይሆናል። አስተናጋጇም መጥታ በባለቤቱ ጆሮ አንሾካሹካ ይሆናል።

ነገር ግን ሬዲዮ ሬዲዮ ነው፣ ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። ተኩስ ቢቆምም ደብዳቤው አልተሻረም፤ ሐሙስም ሐሙስ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ነበርኩ። ቦራ ከዋርካው ሥር ታስሯል። ገመዱን እየፈታሁ እያለ ኦቦ ለሚ በበሩ ገቡ፤ እሳቸውም አልተኙም መሰል ሸሚዛቸውን አዛብተው ቆልፈውታል።

«ጫልቱ! ምን እያደረግሽ ነው? መኪናው ሊመጣ እኮ ነው!»

«ታርቀዋል ይበሏቸው።»

«ደብዳቤውስ?»

«ተኩሱ ከቆመ በሬውም ይቁም፣ ኦቦ ለሚ!»

ግቢው አስተጋባ። ዘበኛው ከቤቱ ወጣ። እኔ ራሴ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ብያለሁ። ኦቦ ለሚ ሄደው ትልቁን በር በገዛ እጃቸው ከፈቱልኝ። ሳልፋቸው በዝግታ፣ «መጋረጃዬን ብቻ» አሉ። አልሰጠኋቸውም፤ ረስቼው ነው። (መኪናው ያን ረፋድ ሳይመጣ ቀረ፤ በዚያው ሳምንት «ጭነቱ ለጊዜው ይቆይ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላበቃም።)

ከአምቦ እስከ ጉደር በአስፋልቱ ዳር፣ በቢሮ ጫማዬ፣ በሬ እየነዳሁ ሄድኩ። በመንገዱ ላይ ሁሉም ሰው ያን ጠዋት ሳቂታ ነበር፤ የማያውቁኝ ሰዎች ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፤ እኔም፣ ይገርማችኋል፣ ጮክ ብዬ እመልስ ነበር። ጉደር ስንደርስ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ እኛ የሰጠነው በሬ አይደለም እንዴ?»

ቦራ እንደ ልማዱ አንገቱን አቃና።

«ነው» አልኩ።

«መለሱልን?»

«ታርቀዋል እኮ» አልኩት። «መለሱ።»

ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። «ሰምታችኋል ወይ! በሬውን መልሰዋል! አሁን ገና እርቁን አመንኩ!» በረንዳው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ የማውቀው፣ የጉደር ሰው ያን ስምምነት ያጸደቀው በእኔ ውሸት ነው።

አባቴን አውድማው ላይ አገኘሁት። አውድማው ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ እንደ ተወለወለ ሳሎን ያበራል። ገብሱ ተበትኗል። የመቀናጆው በሬ ብቻውን ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ። ከእኔ በፊት ግን የሳመው ቦራን ነው። «እሺ፣ ኤግዚቢሽኑ እንዴት ነበር? ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ» አልኩ መሬት እያየሁ።

«አንደኛ መውጣቱንስ አይቻለሁ። ጉደር ሻይ ቤት፣ በቴሌቪዥን። አምስት ጊዜ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አውድማው ግን በደንብ ነው የተለቀለቀው፣ ስንጥቅ አልነበረውም።

«አባዬ... ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። እስከየት እንደምትሄጂ ልይ ብዬ ነው» አለና መጋረጃውን ከቦራ ላይ አንሥቶ የቀንበሩን ጠባሳ ዳበሰው። «አምቦ ላይ ሳየው ተናደድኩ። ልመጣ ከዘራዬን አንሥቼ ነበር። ጉደር ሲደገም ገረመኝ። ጊንጪ ላይ ሳቄ መጣ። ጌዶ ላይ ግን ማሰብ ያዝኩ። ይሄ ሁሉ ከተማ ተሰብስቦ፣ ያለው በሬ አንድ ከሆነ፣ እሱም የእኔ ከሆነ፣ ይሄ ጦርነት ከአውድማዬ ቀን አያልፍም አልኩ። እጃጂ ላይ ሳየው መጥቼ እበቱን ለቀለቅሁ።»

አያችሁ? ምሁራኑ ከረባታቸውን ሲያስተካክሉ፣ አባቴ እጁን እበት ውስጥ ከትቶ ቀኑን ያውቅ ነበር።

ያን ሐሙስ ረፋድ መኪና ሊመጣ እንደነበረ፣ በሬው የምር ሊጫን እንደነበረ፣ «እሺ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ግን አልነገርኩትም። ስለ እልልታዬም አልነገርኩትም። ያንን ለእናንተ አስቀምጬው ነው። አባቴ አማርኛ ማንበብ ስለማይወድ አልሰጋም።

ጫማዬን አወለቅሁ። ጅራፉን ተቀበልኩ። ሁለቱ በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ገብሱ ላይ መዞር ጀመሩ፤ አባቴ የእግዚአብሔር ቃል ሰው ነውና ሲያበራይ የበሬ አፍ አያስርም፣ ቦራ እየዞረ ይበላል፣ እየበላ ይዞራል። አምስት ከተማ ዞሮ የመጣ በሬ ለመዞር ምን ያንሰዋል? እኔም ባለ ዲግሪዋ በባዶ እግሬ፣ እንደ ልጅነቴ እየዘፈንኩ፣ ከኋላቸው እዞራለሁ። በአምቦ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ድምፄ ተረተሩን አልፎ ሲሄድ ይሰማኛል።

አባቴ ገለባውን ሲያገላብጥ ቆየና መንሹን አስቀመጠ። የእጁን አቧራ ለማራገፍ ሁለት ሦስት ጊዜ አጨበጨበ።

ቦራ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንገቱን አቃና። ግራ ቀኝ አይቶ ካሜራውን ፈለገ።

እኔም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቀሚሴን አስተካከልኩ።